በኦቦ መርዳሳ ኪስ የቀረችው ጠጠር

«ሽማግሌው አልወርድም ብለዋል...»

ደሊል ነው በስልክ የሚያወራው። ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው ነው።

ሉሊት ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል...

እንግዶቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሜዳሊያው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። የቀረው መሸለም ብቻ ነው።

«ውድድሩ አልቋል በላቸዋ።»

«ብያቸዋለሁ። አንድ ሰው ይቀራል ነው የሚሉት።»

ቆይ፣ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ...

ሉሊት አዳማ ውስጥ የአንድ ሰፈር ሩጫ ክለብ አስተባባሪ ናት። ክለቡ ውስጥ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ደሊል የራሱን ሥራ አቁሞ በባጃጁ ውሃ ያመላልሳል፣ የሰፈሩ እናቶች ብርቱካን ይቆርጣሉ፣ ሁሉም በነፃ። በዓመት አንድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብለው፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከሚሽከረከሩበት ኮረብታ ሥር አገር አቋራጭ ሩጫ ያካሂዳሉ።

ኦቦ መርዳሳ ደግሞ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በክለቡ ያላቸው ሥራ አንድ ነው። ኮረብታው ላይ ካለው መታጠፊያ ቆሞ መቁጠር...

አቆጣጠራቸው ግን ጉድ ነው።

ሯጮቹ መነሻው ላይ ሲሰለፉ በመሃላቸው እየዞሩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠጠር ቀኝ ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ ደሊል በአቋራጭ መታጠፊያው ጋ ያደርሳቸዋል። እዚያ ሯጭ ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ትዛወራለች።

ቀኝ ኪስ ባዶ ሲሆን ኦቦ መርዳሳ ወደ ቤት።

ወጣቶቹ «ኦቦ መርዳሳ፣ ሱሪዎ እንዳይወርድ» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ዘንድሮ ግን ሉሊት ሁሉንም ነገር ዘመናዊ አድርጋዋለች። ዝርዝር በኮምፒውተር፣ በየሯጩ ደረት ላይ ቁጥር... እናም ያን ዕለት ጠዋት በትህትና ነገረቻቸው።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ከዛሬ በኋላ እርስዎ ይረፉ። ቁጥሩን በወረቀት ይዘነዋል።»

ሽማግሌውን ከፋቸው።

«እሺ ልጄ። ዛሬን ልቁምና።»

ሉሊት ያን ጠዋት ፋታ አልነበራትም። አንዲት ልጅ እያለከለከች መጥታ «እባክሽ መዝግቢኝ፣ ከሞጆ ነው የመጣሁት፣ መኪና አጥቼ ነው የዘገየሁት» ስትላት ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ምዝገባ ተዘግቷል እህቴ። ለከርሞ ነይ።»

ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ስታነሳ ያየችው የልጅቷን ጀርባና ብርቱካንማ ሻሿን ብቻ ነው።

እንመለስ...

ሉሊት ዝርዝሯን ገለጠች። ስልሳ ሁለት ተመዝግበዋል፣ ስልሳ ሁለት ገብተዋል። አንድም የጎደለ የለም።

ደሊልን በስልክ ከኮረብታው ጠርታ ባጃጁ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እየተነጫነጨች ኮረብታው ላይ ደረሰች።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ሁሉም ገብቷል። ይኸው ወረቀቱ።»

እሳቸው ወረቀቱን አላዩትም። እጃቸውን ቀኝ ኪሳቸው ከተው አንዲት ጠጠር አወጡና መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ይቺስ የማን ናት?»

«ተሳስተው ይሆናላ... ጠጠር ነው እኮ።»

«ልጄ፣ ድሮ ሐዋሳ መስመር ስሠራ፣ ዝዋይ ላይ ምሳ በልተን ስንነሳ ትኬት ቆጠርኩና ሞልቷል ብዬ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ግን መቂ ላይ ከመንገድ ነበር የጫንኩት። ትኬት የለውም። ሻንጣው ከእኔ ጋር ሐዋሳ ገባ፣ ባለቤቱ ዝዋይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትኬት አልቆጥርም... ሰው ነው የምቆጥረው።»

ይህን ብለው ዱላቸውን ያዙና ሯጮቹ በመጡበት መንገድ ቁልቁል ተጓዙ።

ሉሊት እንግዶቹን አሰበች። ጠጠሯን አየቻት... ተከተለቻቸው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለጉ። በመጨረሻ ደሊል አንድ ቦረቦር አፍ ላይ ቆሞ ተጣራ።

ሉሊት ሮጣ ቁልቁል አየች... መጀመሪያ ያየችው ብርቱካንማ ሻሽ ነው።

ኑሰይባ ትባላለች። ጠዋት ወደ ሞጆ አልተመለሰችም። ከሰልፉ መሃል ተደባልቃ፣ ያለ ቁጥር ከኋላ ሆና ስትሮጥ ቦረቦሩ ውስጥ ወድቃለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጣርታ ነበር... ድምፅዋን ግን ነፋሱ ወሰደው። በማንም ወረቀት ላይ ስሟ ስለሌለ ማንም አልፈለጋትም።

ሉሊትን ስታያት ደነገጠች።

«አትቆጪኝ... ሳልመዘገብ ሮጥኩ። ይቅርታ።»

ሉሊት አቅፋት አለቀሰች።

ደሊል አዝሎ አወጣትና በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረሷት። አጥንቷ ተሰንጥቋል ተባለ። «እዚያ ፀሐይ ላይ እስከ ማታ ብትቆይ ግን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ ሐኪሙ።

በሩ ላይ ኦቦ መርዳሳ እጃቸውን ዘረጉ። ሉሊት ጠጠሯን መለሰችላቸው። ግራ ኪሳቸው ከተቷት።

«አሁን ሞላ» አሉ።

በዓመቱ...

የምዝገባው ዝርዝር አናት ላይ ቁጥር አንድ ተብሎ የተጻፈው ስም ኑሰይባ ነው።

ኮረብታው ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ኦቦ መርዳሳ በርጩማ ላይ፣ ሉሊት አጠገባቸው... ቀኝ ኪሷ በጠጠር ተወጥሮ።

ወጣቶቹ ሲያልፉ ሳቁ።

«ሉሊት፣ ሱሪሽ እንዳይወርድ።»

ወዳጆቼ... ወረቀት የሚያውቀው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ያልተጻፈውን ሰው የሚያስታውሰው ሰው ነው። ሥራ ስናዘምን ሰው መቁጠር የሚያውቁትን አብረን ጡረታ አናውጣቸው።

እስቲ ንገሩኝ... በእናንተ ሰፈር ሁሉም ሲበተን የመጨረሻውን ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ማን ነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት፣ ዛሬ እሱ ይመስገን።