የቀረኝ ስም

የዘር መታወቂያን ተቃውሜ ስለጻፍኩ «ከሃዲዎች» የተባለ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ጮክ ተብሎ የተነገረ ሁሉ ወዲያው እዚያ ይጻፋል፤ አድራሻዬ፣ የጫማዬ ቁጥር፣ ትናንት የበላሁት ሽሮ ሳይቀር። እማዬና እኔ ቤት ውስጥ የምናወራው በወረቀት ነው። ገጹ የማያውቀው የክርስትና ስሜን ብቻ ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

«ወለተ ሥላሴ፣ ክፈቺ እንጂ የኔ እመቤት!» አለ የማላውቀው ድምፅ።

ወደ እማዬ ዞርኩ። እስክሪብቶ አነሳች።

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስምሽን ሰጠሁ። ቄሱ በድምፅ ማጉያ ጠሩት» ብላ ጻፈች።

ወረቀቱን ቀደድኩት። እሷ ግን እንባዋ ቀድሟት ጮክ ብላ፣ «እሱ ይጠብቅሽ፣ ልጄ» አለች።

ከበሩ ውጭ ብዙ ድምፆች በአንድነት «አሜን» አሉ።