አራተኛው ጠረጴዛ

አክስቲቱ «ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አልፈርምም» ካለች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

የወንድሟ ልጅ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ሳቁ አለቀበት። የቤቱ ውል ተዘጋጅቷል። ውሉን የሚያጸድቀው ሰው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤት ድረስ ይመጣል። የሚቀረው የአሮጊቷ ፊርማ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ «ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ቤቴን በስምህ የማዞረው ደህና መጻፊያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው» ብላ ድርቅ አለች። እንደ ድሮው፣ ክዳኑ ሲወርድ መጻፊያ፣ ሲነሳ ቁም ሣጥን የሚመስለውን ዓይነት። እሱንም ራሷ ካልመረጠችው አይሆንም።

ምስኪን ልጅ ነው። ሥራውን ትቶ እሷን መጠበቅ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ገበያ ሲወጣ እንኳ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ይመለሳል። ጓደኞቹ ጠርተውት ጠርተውት ተዉት። ለጎረቤት የሌለ ወሬ ስለምታወራ ጎረቤትም መምጣት ትቷል። ስልኳን ሳይቀር የሚይዝላት እሱ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ከአንዲት አሮጊት ጋር አራት ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ መዋል ያንገሸግሻል፤ እሱንም አንገሽግሾታል።

አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ በር ላይ ተቀበላቸው። ወፍራም ነው፣ ወሬም ይወዳል። ልጁ ጠዋት ደውሎ አስጠንቅቆታል፦ «አክስቴ ትንሽ ትዘባርቃለች። የምትለውን ከቁም ነገር አይቁጠሩት።»

«እንዴት ነዎት፣ እትዬ?» አለ ሻጩ።

«ደህና ናት» አለ ልጁ። ክንዷን ደግፎ ይዟታል። ሻጩ እግሯን ሲያይ ልጁ «እግሯ ስለሚያብጥ ነው» አለ። አክስቲቱ የመጣችው በቤት ነጠላ ጫማ ነበር።

ሱቁ እስከ ጣሪያው በዕቃ ታጭቋል። መተላለፊያው ሰውን በጎን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ልጁ ከኋላዋ ሆነ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ አንዱ በር አለ፤ ሌላ በር የለም።

«መጻፊያ ጠረጴዛ ሲጽፉበት ነው የሚታወቀው» አለ ሻጩ። «እኔ ጋ ሳይሞክር የሚገዛ የለም።» አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ልጁ እስክሪብቶውን ሲያይ ጠጋ አለ።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ውስጡ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል። አክስቲቱ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ጎላ አድርጋ ጻፈች፦ «ፖስታ ማስቀመጫዎቹ ጠበቡ።»

ልጁ በትከሻዋ ላይ አንብቦ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ፖስታ ማን ይልካል ብለው ነው?» አለ ሻጩ።

«እኔ» አለች።

ወደ ሁለተኛው አለፉ። ወረቀቱን ይዛ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ቀጠለች፦ «ሊዘጉት ሲሉ ክዳኑ ይንሸራተታል።»

ሻጩ ግራ ገባው። ክዳኑን ገና አልነካችውም ነበር።

ሦስተኛው የሱቁ ኩራት ነው። ሻጩ ራሱ ጠግኖ፣ ራሱ ቀለም ቀብቶታል። እሷ ግን ዝቅ ብላ ጻፈች፦ «ስስበው መሳቢያው አይወጣም።»

«ኧረ እትዬ!» ሻጩ መሳቢያውን በአንድ ጣቱ ሳበው፤ ሸርተት ብሎ ወጣ። «ይኸው!»

ልጁ ከኋላዋ ጠቀሰው። ሻጩም ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ለልጁም አዘነለት። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ውሎ ማደር!

አራተኛውን ማሳየት አልፈለገም። አንድ እግሩ በእንጨት ቁራጭ ተደግፏል፤ ክዳኑም ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አክስቲቱ ግን ራሷ ሄዳ ተቀመጠችበት፤ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፦ «ጥሩ።»

«ይሄን ነው?» አለ ሻጩ።

«ይሄን ነው።»

«እሷ ከወደደችው አለቀ» አለ ልጁ፤ ከልቡ እፎይ አለ። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

«የት ነው የማደርሰው?»

ልጁ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። አራቱንም መስመር እንደገና አነበበ። የአሮጊት ማማረር ነው። ገለበጠውና ጀርባው ላይ በራሱ እጅ አድራሻውን፣ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር፣ አሳምሮ ጻፈ። «ነገ ከሦስት ሰዓት በፊት ይድረስልን።»

አክስቲቱ ወደ ሻጩ ዞረች። «በእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከላይ ወደ ታች ሳይነበብ ፋይል ውስጥ አይገባም ነበር። እርስዎም እንደዚያ ያድርጉልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ሻጩ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

«ነይ በይ አክስቴ፣ ደክሞሻል።»

ልጁ ከኋላ ወንበር አስቀመጣትና የመኪናውን በር ዘጋ። መቆለፉን በእጀታው ሞከረ፤ ከዚያ ዞሮ ገባ። ሻጩ እጁን አውለበለበላቸው። እሷ በመኪናው መስኮት እያየችው ነበር።

ሻጩ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ያንን ሰባራ ጠረጴዛ የሚወስድለት ሰው በመገኘቱ ብቻውን ሳቀ። አድራሻውን መዝገቡ ላይ ገለበጠ፤ ወረቀቱን ጨምድዶ ሊጥል ሲል እሷ የጻፈችበት ገጽ ዞሮ ታየው።

የእጅ ጽሑፏ የሚዘባርቅ ሰው አይመስልም። መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል፤ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ጎላ ጎላ ብለው አንዱ ካንዱ ሥር ተሰድረዋል። እሺ ማለቱን አስታወሰ። ጣቱን በግራ ዳር አኖረና ከላይ ወደ ታች ወረደ።

ፖ፣ ሊ፣ ስ፣ ጥሩ።