ስድስት በሮች

ዶክተር ራድኮቫ አዲሶቹ በሮች ድምፅ እንዳያሳልፉ ለማረጋገጥ ጫማዋን አውልቃ በኮሪደሩ ተራመደች። ፕሎቭዲቭ ውስጥ በአንዲት ክፍል የጀመረችው የሥነ ልቦና ማማከሪያ ስድስት ክፍል ደርሷል። ስድስቱን አማካሪዎች ከአነጋገር ጀምሮ ለሚያለቅስ ታካሚ ሶፍት እስከ ማቅረብ ያሠለጠነቻቸው እሷው ናት፤ ራሷ ግን በስብሰባ ብዛት ከታካሚ ጋር ከተቀመጠች ሁለት ዓመት አልፏታል።

የመጀመሪያው በር ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ውስጥ ሰው ያለቅሳል። ቀጥሎ ዝግ ያለ ድምፅ፣ «አይዞህ፣ ጊዜ አለን» አለ። ፈገግ አለች፤ ከእሷ የቀዱት አነጋገር ነው። ከሁለተኛው በርም፣ «አይዞሽ፣ ጊዜ አለን» ተሰማ። በሦስተኛው ክፍል የሚሠራው ግን ድምፀ ጎርናናው ስቶይል ነበር፤ ከበሩ ጀርባ የተሰማው ደግሞ የሴት ድምፅ፣ ያውም የራሷ። አራተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም የእሷ።

ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ጽቬታ ሮጠች።

«ውይ ዶክተር! ምነው በባዶ እግርዎ? ተኩላ አባረረዎት እንዴ?»

ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ጽቬታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የሶፍቱን ካርቶን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችላት።

«አይዞዎት፣ ጊዜ አለን» አለቻት፣ በራሷ በራድኮቫ ድምፅ።