ዝሆኑ የያዘው ቦታ

አንድ ሰዓሊ የጥንት መርከበኞችን ካርታ በፍየል ቆዳ ላይ አስመስሎ ይሠራል፤ በሻይ አጠይሞም «አራት መቶ ዓመት አልፎታል» እያለ ይሸጣል። አንዱ ላይ የትውልድ መንደሩን ጨመረበት። ለጌጥ ዝሆን ሲስል ግን ቦታ ስለጠበበው የእናቱን ምንጭ ወደ ወንዙ ማዶ አሻገረው። ማን ያየዋል ብሎ።

ካርታው ዞሮ ዞሮ የማዶው ጎረቤት እጅ ገባ። ሰውዬውም «ምንጩ የእኔ ነው» ብሎ የሰዓሊውን እናት ከሰሰ። ዳኛው ካርታ አዋቂ ብለው ያስጠሩት ሰዓሊውኑ ነበር።

«እውነተኛ ነው?»

ሐሰት ነው ቢል ዘብጥያ መውረዱ ነው። መነጽሩን አደረገ፤ ቆዳውን አገላበጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነተኛ ነው ክቡር ዳኛ። አራት መቶ ዓመት አልፎታል።»

እናቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ሻዩን ያፈላሁልህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»