የኡራኤሉ ሕንፃ ክብደት

ሩሐማ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አነበበችው። ኡራኤል አጠገብ የተሠራው አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ 19,402,384 ኪሎ ይመዝናል ይላል። መሬቱ የሚሸከመው አሥራ ስምንት ሚሊዮን ብቻ ነው።

ትናንት በዚያው ፕሮግራም፣ ለዚያው ሕንፃ የወጣው ቁጥር 16,777,216 ነበር።

በመሃል የተቀየረው አንድ ነገር ነው። የቀየረችውም ራሷ ናት።

መስከረም 2001 ነው። ካዛንቺስ ካለው የምህንድስና ቢሮ ከተቀጠረች ገና አራት ወሯ ነው። ፕሮግራሙን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፉት የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር አጥናፉ ናቸው። አሠራራቸው የራሳቸው ብቻ ነው፤ ሕንፃውን ከጣሪያ እስከ መሠረት ኪሎ ኪሎ አድርገው ይቆራርጡታል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ያሰሉና አንድ በአንድ ወደ አንድ ድምር ይጨምሩታል። የዚያን ጊዜዋ ኮምፒውተር አቅመ ደካማ ስለነበረች ቦታ ለመቆጠብ ቁጥሮቹን በአጭሩ ነው የያዟቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የተወሰኑ አሃዞች ብቻ ይይዛል፣ የተረፈው ይጠጋጋል። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቢሆንም በእሱ ተመዝኖ የተሰነጠቀ ሕንፃ እስካሁን የለም፤ ሰውየውም ይህን መናገር አይሰለቻቸውም።

ሩሐማ ደግሞ እጇ አያርፍም። ትናንት ማታ ከመውጣቷ በፊት ኮምፓይለሩን፣ ማለትም የተጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠውን መሣሪያ፣ እንደፈለገ እንዲያፈጥነው አዘዘችው። ዛሬ ጠዋት ግማሽ ቀኑ አሥር ደቂቃ ሆነላት። ደስታዋ ግን ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነበር።

ሞባይሏ ጮኸ። ታላቅ እህቷ መነን ናት።

«ሩሐዬ፣ ወረቀቱ አለቀ እንዴ? ሹፌሩ ዕቃውን ጭኖ ቆሟል እኮ። ልጆቹም አብረውኝ ናቸው።»

መነን እዚያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታለች። የደህንነት ወረቀቱ እንደተፈረመ ትገባለች።

«ትንሽ ጠብቂኝ፣ እደውላለሁ» አለችና ዘጋችው።

ኢንጂነር አጥናፉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምኑን ነው የነካካሽው?»

«ጋሼ፣ ማለቴ... ኮምፓይለሩ ድምሩን ስምንት ቦታ ከፍሎ፣ ለየብቻ ደምሮ፣ መጨረሻ ላይ ነው ያገናኘው። በቃ፣ እንዲፈጥን ብሎ።»

«ማን ፈቀደለት?»

«እኔ።»

«ታዲያ ከፋፍሎ ቢደምረውስ ድምር ድምር አይደለም?»

«በወረቀት ቢሆን አዎ። ኮምፒውተር ግን ነጥብ ያለውን ቁጥር በደመረ ቁጥር ያጠጋጋል። ቅደም ተከተሉ ሲቀየር መልሱም ሊቀየር ይችላል።»

«ይኸው፣ ራስሽ ተናገርሽው!» ጠረጴዛውን መቱት። «ቅደም ተከተሉ የኔ ነው። ጎላ ሠፈር ያለውን ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ በእጄ ደምሬ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ኪሎ ለኪሎ አመሳክሬዋለሁ። ፍጥነት የሚባለው መልሱ ሳይነካ ነው።»

ሩሐማን ዩኒቨርሲቲም ያስተማሯት ይህንኑ ነው፤ ያፈጠነ መልሱን መቀየር የለበትም። ባለማወቅ አንድ ጤነኛ ሕንፃ አሳመመች። ኀፍረቱ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

ቁጭ ብላ ትናንት የፈቀደችውን አንድ በአንድ ከለከለች። ሌላው ማፍጠኛ ይቆይ፤ ድምሩን መከፋፈል ግን አይቻልም። ቁራጮቹ እሳቸው በጻፉት ተራ ብቻ ይደመሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙን አስነሳችው።

መነን ሁለት ጊዜ ደወለች። በሁለተኛው ተማረረች። «ሹፌሩ እኮ ሊያወርደው ነው። ዝም ብዬ ብገባስ?»

«እንዳትገቢ!» ብላ ጮኸች። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አያት። የፈጣኑን ቁጥር ስህተት ነው ብላ ተቀብላዋለች፤ ሆኖም አራተኛ ፎቅ ላይ የእህቷን ልጆች ስታስብ ከስክሪኑ ዓይኗን አትነቅልም። ምሳም አልበላችም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ቁጥሩ ወጣ።

16,777,216።

እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ነው። እንባዋ መጣ፤ ከሰውም አልደበቀችውም። ኢንጂነር አጥናፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«አየሽ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላሳፈረኝም።»

ፈረሙ፣ ማኅተሙንም መቱበት። ሩሐማ ስልኳን አነሳች።

«መኒ፣ ግቢ። ምንም የለውም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት።»

«እሰይ!» አለች መነን። ከኋላዋ ልጆቹ ደረጃውን እየተሽቀዳደሙ ሲወጡ ይሰማል።

ሩሐማ ያን ፈጣን ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ አጠፋችው፤ ሁለተኛ ማንንም እንዳያሳስት። ከዚያ የተፈረመውን ወረቀት ይዛ ወደ መዝገብ መደርደሪያው ሄደች። የሽፋኑን ገጽ እንዴት እንደሚሞሉት ለማየት ከቀድሞዎቹ ሁለቱን መዛ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

ስታዲየም አካባቢ፣ ዘጠኝ ፎቅ፣ 16,777,216 ኪሎ። ሜክሲኮ አካባቢ፣ አሥራ ስምንት ፎቅ፣ 16,777,216 ኪሎ። ድምሩ እዚያች ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ኪሎ እየተጠጋጋ ይጠፋል።