የወኪሎች ለቅሶ

ድርቁ በጸናበት ዓመት ልጄ ሞተ። በመንደሩ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት የቀረው ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ገብረየስ በባዶ ሆዱ ብቻውን በእኔ ዶማ ቆፈረለት።

ትናንት ገብረየስም ሞተ። ዛሬ ለቅሶ ልደርስ ብሄድ ድንኳኑ ውስጥ ከሴት ልጁ ከማህደረ በቀር ሰው የለም። በየወንበሩ መዳፍ የምታህል ሳጥን ተቀምጣ በላኪዋ ድምፅ ታለቅሳለች። ወኪል ይሏታል፤ አሁን ሁሉም የሚልከው እሷን ነው። ሠላሳዎቹም «ወይኔ ወንድሜን» ብለው እኩል ትንፋሽ ይስባሉ። ንፍሮው በትሪ ሞልቶ የሚዘግነው እጅ አጥቷል።

«ለምንድነው አንድ ዓይነት የሚያለቅሱት?» አልኳት ማህደረን። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት።

«ንድፋቸው አንድ ነው፣ አባባ ውብሸት። ድምፁ ብቻ ነው የሚቀየረው።» አንገቷን ደፋች። «የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

«ጎሽ! መቃብሩንስ ማን ቆፈረ?»

«ማንም አልመጣም።»

«ንድፍሽ ዶማ አያነሳም?»

አለቀሰች። የእሷ ለቅሶ ከሳጥኖቹ ጋር አይመሳሰልም ነበር።

«እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ አይችሉም» አለችኝ ከቤቴ ዶማዬን ይዤ ስመለስ።

«አፈሩን አንቺ ትዝቂያለሽ።»

እየተጋገዝን ስንቆፍር ዋልን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብረየስን በገመድ አወረድነው፤ ከልጄ አጠገብ፣ እሱ የልጄን መቃብር በቆፈረበት ዶማ ወደ ቆፈርነው ጉድጓድ።