አማልፊ ላይ የበቀለ ጫት

«የአማቴ ቤት የት ሄደች?» ትላለች ሳህሊቱ።

ለፎቶ ብላ የለበሰችውን ነጠላ እንኳ ሳታስተካክል መጋረጃው ፊት ቆማ ቀርታለች። እኔ ከካሜራዬ ኋላ ነኝ። ምን ልበላት? ኧረ ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ!

መጋረጃው ላይ የተሳለው አማልፊ ነው። ባሏ ሉዊጂ፣ መካኒኩ ጣሊያን፣ የተወለደበትን ከተማ ለፎቶ ቤቴ አቡጀዲ ላይ ስሎልኝ ነው የሄደው። ባሕር፣ ጀልባ፣ ደረጃው የማያልቅ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ገደሉ ላይ የተደራረቡ ቤቶች፣ በየእርከኑ ሎሚ። ከየአገሩ ሀብታም እየመጣ የሚዝናናበት ነው ይል ነበር። አሰበ ተፈሪ ውስጥ መጋረጃው ፊት ቆሞ ያልተነሳ ሙሽራ የለም። ሉዊጂ ግን «እናቴን አይቼ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሳህሊቱ በየእንቁጣጣሹ መጥታ እዚያው ፊት ትነሳና ፎቶውን ትልክለታለች። መልስ የሚባል ነገር የለም።

ዘንድሮ ክረምት ጣሪያዬ አፈሰሰና የሥዕሉን ገደል ከነቤቶቹ አጠበው። መጋረጃውን የሱቅ ማስታወቂያ ለሚጽፈው ለሙሜ ሰጠሁት። «ዛፎቹን መልስልኝ፣ ሎሚ ናቸው» ብለው፣ «ማሎ! ገደል ላይ ሎሚ ማን ይተክላል? ጫት ነው እንጂ፣ ወላሂ!» አለና ከላይ እስከ ታች ጫት ሞላበት። ውሃ ካለማ ብሎ ደግሞ ባሕሩ ጫፍ ላይ የቦርደዴ ግመሎችን አሰለፈ።

ሳህሊቱ እንደገባች ግመሎቹን አይታ ስቃ ነበር። ሳቋ ሲያምር! ወደ ገደሉ ቀና ስትል ነው ፊቷ የተለወጠው።

«ጣሪያው አፍስሶ ነው» እላለሁ።

«እዚህ ጋ ነበረች እኮ። ቢጫዋ። ሲወስደኝ እዚያ ሰገነት ላይ አብረን...» ትላለች።

«እሠራታለሁ።»

አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔማ ያቺ ቤት እንደታጠበች ብትቀር ደስታዬ ነበር። ሳህሊቱን እወዳታለሁ። ከተማው ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ያቺ ቤት እዚያ እስካለች ድረስ ግን እኔን አታየኝም።

ፎቶ የማቀልምበትን ብሩሽ አነሳና ጫቱ መሃል ቢጫ ግድግዳ አቆማለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ» ትለኛለች። መስኮት። ሰገነት። ሰገነቱ ላይ የተሰጣ ልብስ። አጠገቤ ቆማ ትንፋሿ ትከሻዬ ላይ ያርፋል፤ እኔ የባላንጣዬን ቤት እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በሩ ላይ ስደርስ «ክፍት ነበር አይደል?» እላታለሁ።

«ክፍት ነበር።»

 ውጭ አንድ ጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። እሱ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ዝጋው፣ ጎበዜ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝጋው በቃ። እስከ መቼ ብርድ ይግባ!»

ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብሩሹን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክሬ ዞር ብዬ አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላለች። ዓይኗ ግን አሁንም ሉዊጂን ይጠብቃል፤ ያንን ማየት አልነበረብኝም።

እጄ እምቢ አለኝ። የጣት ስፋት ያህል ጥቁር ክፍተት ተውኩና በሩን ገርበብ አደረግኩት።

አየችው።  ወደ ቦታዋ ተመልሳ ለፎቶው ፀጉሯን ማስተካከል ጀመረች።